አዲሱን አሰልጣኝ የገመገምንበት እሁድ

አዲሱ አሰልጣኝ ከጂማ በመጣው አውቶቡስ ሲወርዱ መናኸሪያው በር ላይ ቆመን ነበር። ቆመን ልበል እንጂ እኔስ አልቆምኩም፤ እግሬ አላርፍ ብሎኝ ከበሩ እስከ ትኬት ቢሮው ስመላለስ ነው የቆየሁት። ያኔ ቦንጋ ባጃጅ አልገባባትም፣ ሞባይልም የለም፣ አውቶቡሱ መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው የመንገዱ ጭቃ ነው። የከተማው ቡድን ደጋፊ ነኝ የሚል ሁሉ ወጥቷል። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ "ለመስክ ሥራ" ብሎ ፈርሞ ከቢሮው የሾለከውም። እኔም ከመዝገብ ቤት የሾለክሁት እንደዚያው ብዬ ነው፤ አሁን ምን ይደበቃል።

የጠበቅነው ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ደረቱ የሰፋ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ድምፁ ከሜዳው አልፎ ገበያ ድረስ የሚሰማ። የወረዱት ግን አጭር፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ ጉሮሯቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ጫማ ያለበት ፌስታል ይዘዋል። ከደጋፊው ሁሉ ምላሱ የሚከፋው ልብስ ሰፊ አጠገቤ ነበር።

"ወይ ጉድ! አሰልጣኝ ላኩልን ብንል ቤት ቆጣሪ ላኩልን!" አለ።

ሳቅን። የደጋፊ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ የእንኳን ደህና መጡ ንግግራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሦስት ገጽ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አንዱን ገጽ ቆመው አዳመጡ፤ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጋሼን አስጠለሉና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሜዳው በየት በኩል ነው?" አሉ። ምሳ አዘጋጅተን ነበር እኮ! ምሳውን ትተው ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወደ ሜዳ ሄዱ። ከመናኸሪያው ሳንወጣ ፍርዱን ጨረስነው፤ ሰውየው ኩራተኛ ናቸው፣ ኳስ አያውቁም፣ ሁለት ወር አይቆዩም።

እኔ ከሁሉም ብሼ ነበር የተበሳጨሁት፤ ምክንያት ነበረኝ። የቡድኑ በረኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባትና እናታችን ተከታትለው ሲሞቱ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አባቱም እናቱም እኔ ሆንኩ። ትምህርቱ ብዙም አልሆነለትም፣ ኳስ ማዳን ግን ይችል ነበር፤ በዚያችው ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ቀጠረው። አሠራሩ እንደዚያ ነበር። ለከተማው የሚጫወት ልጅ በኮንትራት ይያዝና በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይታደስለታል። ስሙ ከቡድኑ ዝርዝር ከወጣ ግን ሰኔ ላይ የሚያውቀው የለም። ጉልበቱን ታሞ ከቡድን የወጣ አጥቂ በዚያው ከሥራም ሲወጣ፣ ሰላምታው እንኳ ሲቀዘቅዝበት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስት ዓመት የሞላው ደግሞ ቋሚ ይሆናል፤ ቋሚ ከሆነ በኋላ ኳሱን ቢተወውም ማንም አይነካውም። ወንድሜ ሦስት ዓመቱን የሚሞላው በዚያው በሚመጣው ሰኔ ነበር። ስለዚህ አዲስ አሰልጣኝ መጣ ሲባል ሌላው ስለ ዋንጫ ያስባል፣ እኔ የማስበው ስለ ሰኔ ነው።

በነጋታው ከሥራ ስንወጣ ልምምድ ልናይ ሄድን። ሰውየው ልጆቹን ካሯሯጡ በኋላ አሰናበቱና ወንድሜን ለብቻው አስቀሩት። እሱን በሩ ላይ አቁመው እሳቸው መሀል ሜዳ ሄዱ። ኳስ የለም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ቀኝ እጃቸውን ወይም ግራቸውን ያነሳሉ፣ እሱ እጁ ወደተነሳበት በኩል መወርወር አለበት። አንዴ አገኘው፣ አንዴ ሳተው፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ደርቆ ቀረ። እሳቸው ጥቂት እርምጃ ቀረቡና እንደገና አነሱ። አሁንም ቀረቡ። እንዲህ እንዲህ እያሉ በሩ አፍ ላይ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸው።

"ትራፊክ ናቸው እንዴ?" አለ ልብስ ሰፊው፤ ሜዳው በሳቅ አውካካ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ልጁን ምን ያደናግሩታል? ኳስ ይምቱለት እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ዞር ብለው አዩኝና ወንድሜን ትከሻውን ይዘው ከበሩ ኋላ ወሰዱት። እዚያ ቆመው ብዙ አወሩ። ማታ ራት ላይ "ምን አሉህ?" ስለው "ምንም" አለኝ። ቆጮውን እየቆረሰ ነበር፣ ቀናም አላለ። እኔ ደግሞ ምንም የሚባል መልስ አልወድም፤ ሦስቴ ጠየቅሁት፣ ሦስቴም ምንም አለኝ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ከተማው ሰውየውን ሲያገላብጥ ሰነበተ። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ተጫዋች አይቆጡም። ኪሳቸው ውስጥ ደብተር አለ፣ ጨዋታ ሲያዩ ይጽፉበታል፤ ምን እንደሚጽፉ ለማንም አያሳዩም። ኦርቶዶክሱ ጴንጤ ናቸው ይላል፣ ጴንጤው ኦርቶዶክስ ናቸው ይላል። አንድ ሰው ገበያ ውስጥ በካፊኛ ሰላም ቢላቸው ቃሉን ደብተራቸው ላይ ጻፉት አሉ፤ ይህም እንደ ጥፋት ተቆጠረባቸው። በኳሱ በኩል የሚነቀፍ ነገር ስላላገኘን ሳይሆን አይቀርም ሻያቸው ላይ የወረድነው።

ከዚያ ሺሺንዳ ሄድን፤ ለወዳጅነት ጨዋታ። አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ እየዘፈንን፣ ጭቃ እየገፋን ደረስን። አሰላለፉ ሲነበብ በረኛ ተብሎ የተጠራው ከደካ የመጣ አዲስ ልጅ ነው። የወንድሜ ስም ከተጠባባቂዎቹ ጋር መጨረሻ ላይ ተነበበ። ጆሮዬን አላመንኩም። ቀና ብዬ ሳየው ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ለአንድ አሸነፍን፣ ሰው ሁሉ ጨፈረ፣ እኔ ግን ውስጤ እየነደደ ነው የተመለስኩት። ተጠባባቂ መሆን ማለት ለእኔ የመውጫው በር ማለት ነበር፤ ያ አጥቂም መጀመሪያ ተጠባባቂ ነው የሆነው።

በቀጣዮቹ ሁለት ጨዋታዎችም የደካው ልጅ ቆመ። ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ፋይል ማገላበጥ አቃተኝ፣ እነሳለሁ፣ በመስኮት አያለሁ፣ እቀመጣለሁ። ወንድሜን "ሂድና ለምን ብለህ ጠይቃቸው" ስለው "እትዬ፣ ተይው፣ እሳቸው ያውቃሉ" ይለኛል። ይሄ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ። ልጁ ፈርቷል አልኩ። ታዲያ እሱ ካልተናገረ እኔ አልናገርም? ለልብስ ሰፊው "የደካው ልጅ የሰውየው ዘመድ ነው አሉ" አልኩት። አሉ ያልኩት ሰው የለም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው ዘንድ የገባ ወሬ ደግሞ ከሱሪና ከኮት ጋር በየቤቱ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን ራሴ የፈጠርኩትን ወሬ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት፣ "እውነት?" ብዬም ጠየቅሁ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አለቃውን፣ አለቃ ሠራተኛውን ቁጭ አድርጎ ይገመግማል፤ ሂስ ይሰጣል፣ ግለሂስ ይጠየቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ከመልመዳችን የተነሣ እድራችን እንኳ ድንኳን ተካዩን ገምግሞ ያውቃል። ስለዚህ ደጋፊው አሰልጣኙን ይገምግም ሲባል ማንንም አላስገረመም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ስፖርቱን የሚመራው ቢሮ ሰው ልኳል፤ አሰልጣኙ ገና በሙከራ ላይ ስለነበሩ ደጋፊው የወሰነውን እንደሚያጸድቅ አስቀድሞ ነግሮናል። ተጫዋቾቹ ኋላ ተደርድረዋል። አሰልጣኙ የተማሪ ዴስክ ላይ ፊት ለፊታችን ተቀመጡ፤ አጭር ስለሆኑ ልክ ሆነላቸው፣ ያንንም አይተን ተጠቃቀስን። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ከጋሼ ጎን ነኝ።

ስለ ምሳው ተነሳ፣ ስለ ደብተሩ ተነሳ፣ "ከሕዝቡ ጋር አይቀላቀሉም" ተባለ። ሁሉንም "ልክ ነው፣ አስተካክላለሁ" እያሉ ተቀበሉ። ከዚያ ጸሐፊነቴን ትቼ እጄን አወጣሁ። ተፈቀደልኝ።

"የተፈተነውን በረኛ አስቀምጠው የማናውቀውን ያጫውታሉ። ይሄ አድሎ ነው፣ ዝምድና ነው። ምክንያቱን ለዚህ ቤት ይንገሩ!" አልኩ። እንደ ጀግና ነው የተሰማኝ።

ሰውየው እኔን አላዩም፣ ወደ ኋላ ተጫዋቾቹ ወደተቀመጡበት አንዴ አዩና ቶሎ መለሱ።

"የእኔ ውሳኔ ነው" አሉ።

"ምክንያቱ?" አሉ ጋሼ።

"ምክንያት የለኝም።"

"ያለ ምክንያት ነው የሚያሰለጥኑን?" ብሎ ልብስ ሰፊው ተነሳ፤ ቤቱ ጉም ጉም አለ።

"የደካው ልጅ ዘመድዎ ነው ወይስ አይደለም?" አለ ሌላው።

"አይደለም። ሌላውን ሂስ ግን ውጫለሁ፣ ስህተቱ የእኔ ነው" አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እጅ ይውጣ ሲባል ደን የሚያህል እጅ ወጣ። በቃለ ጉባኤው ላይ "አሰልጣኙ ነባሩን በረኛ ያለ በቂ ምክንያት ማግለላቸውን አምነዋል፤ ከኃላፊነታቸው እንዲነሱ ተወስኗል" ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጨዋታ ነባሩ በረኛ እንዲሰለፍም ተወሰነ፣ እሱንም ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየመታ ወጣ።

ቤት ስገባ ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ መብራት እንኳ አላበራም። "እሰይ በል እንጂ!" አልኩት። ቀና አለና፣

"እትዬ፣ አላይም" አለኝ።

"ምኑን?"

"ኳሱን። ከቅጣት ክልሉ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዝብኛል። ካቻምና ጀምሮ ነው፣ ዘንድሮ ባሰ። እስካሁን በግምት ነው ያዳንኩት። እሳቸው በመጡ በማግስቱ አወቁብኝ፣ ያን ዕለት እጃቸውን እያነሱ የፈተኑት ዓይኔን ነው። ተጠባባቂ ሆነህ ስምህ ዝርዝሩ ላይ ይቆይ፣ ሰኔ ላይ ቋሚ ትሆናለህ፣ ከዚያ ኳሱን ትተወዋለህ አሉኝ። ለማንም እንዳይናገሩ በእናቴ አስምያቸው ነበር።"

ቁጭ ማለት አቃተኝ። "ለእኔስ? ለእኔ ለምን አትነግረኝም ነበር?" ብዬ ጮህኩበት።

"ለአንቺ ብነግርሽ ቦንጋ ሁሉ ይሰማ ነበራ" አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እውነቱን እኮ ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ የሮጥኩት ያለ ምንም ወሬ ነው፤ እውነተኛ ወሬ ይዤማ የት እደርስ ነበር?

ሌሊቱን በሙሉ ስገላበጥ አድሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ደረስኩ። የጂማው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ሰውየው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፣ ፌስታላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። መስታወቱን ስደበድብ ከፈቱልኝ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም፤ ይቅርታ አልኩ፣ አለቀስኩ፣ የዝምድናውን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ አልኩ።

"ቃለ ጉባኤውን አስተካክላለሁ። አሁኑኑ ጋሼ ዘንድ ሄጄ፣ ስብሰባ አስጠርቼ..."

"ምን ብለሽ ነው የምታስተካክይው?" አሉኝ።

"ምክንያት ነበራቸው ብዬ።"

"ምክንያቱስ ምንድነው ሲሉሽ?"

እጄን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አነሳሁ።

"አየሽ" አሉኝ፣ ድምፃቸው ሜዳ ላይ እንደነበረው ዝግ ያለ ነው፤ "እኔን ለማጽዳት እሱን መጻፍ አለብሽ። ተይው እህቴ። እኔ ሌላ ከተማ አይጠፋኝም፣ ያ ልጅ ግን ያለው ይሄ ብቻ ነው።"

"ያለ ምክንያት ወሰነ የሚል ወረቀት ይዘው የት ያሠለጥናሉ? ማን ይቀበልዎታል?"

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ "በዝናብ አትቁሚ፣ ግቢ" ነው ያሉኝ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። በዚያች ከተማ ውስጥ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ክፉ ያልኩት እኚህን ሰው ነበር፤ ሳምንታት ሙሉ በሻያቸው ስስቅ ነበር። ተናድጄ የማውቀው በሌላ ሰው ነው፤ የዚያን ጠዋት ግን በራሴ ተናደድኩ፣ ያ ንዴት ደግሞ የሚሄድበት የለውም።

ሳምንቱ እንዴት እንዳለቀ እግዜር ይወቀው። ወንድሜ አልጫወትም እንዳይል "ለምን?" ሊባል ነው፤ ለእሱ ብሎ ደጋፊው አሰልጣኝ አባርሮለታል። አሞኛል እንዳይል ሐኪም ያየዋል። እኔም ጋሼን "ልጁ ትንሽ ይረፍ" ብላቸው "አንቺው አስወስነሽ!" ብለው ሳቁብኝ። እስከ ሰኔ አራት ጨዋታ ቀርቷል። አራቱን በግምት ቢወጣው፣ አራቱን ብቻ።

እሑድ ከሚዛን የመጣ ቡድን ገጠምን። ዝናቡ አልወረደም፣ ሰማዩ ግን ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ከደጋፊው ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። ሄጄ ከወንድሜ በር ኋላ፣ እርጥብ ሣሩ ላይ፣ እሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። ኳሱ ከመሀል ሜዳ ሲነሳ መጮህ ጀመርኩ።

"ግራ! ግራህን! አሁን ውጣ! ቆይ፣ ቆይ... ቀኝ!"

እሱም ገባው። ዞር ሳይል ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። በግራ ስለው በግራ ወደቀ፣ አወጣት። ደግሞ አንድ ከፍ ብላ የመጣች ነበረች፣ "ላይ! ላይ!" ብዬ ጮህኩ፣ በጣቱ ጫፍ ገፋት። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ልብስ ሰፊው ከነግብረ አበሮቹ ሮጦ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እህት ማለት እንዲህ ናት! ደጋፊ ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ትከሻዬን ይነቀንቀኛል። እነሱም አብረውኝ መጮህ ጀመሩ፤ አንዱ ግራ ይላል፣ አንዱ ቀኝ ይላል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ድምፄ በነሱ ድምፅ ውስጥ ጠፋ። "ዝም በሉ! ዝም በሉልኝ!" ብዬ ብለምናቸው ደስታ ያሰከረኝ መስሏቸው ባሰባቸው። በዚህ መሀል ከሩቅ የተመታች ኳስ፣ ያን ያህልም ያልጠነከረች፣ ሣሩን እየታከከች መጣች። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ እጁ የሚያነሳት ዓይነት ነበረች። ወንድሜ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ጩኸቱ ጆሮውን አዘንብሎ ቆሞ ነበር። በእግሩ ሥር አለፈች።

ልብስ ሰፊው እጁን ከትከሻዬ አነሳ። "ምን ነካው? ተኝቶ ነው እንዴ?" አለ። ከኋላው ደግሞ አንዱ፣ "እሱም ይገምገም!" ሲል ሰማሁ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

ኳሷ ተንከባላ እግሬ ሥር ነበር የቆመችው። ወንድሜ ሊያነሳት መጣ። ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በጓንቱ እየጠረገ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በሚመስል ድምፅ፣

"እትዬ፣ ማን ነው ያገባው?" አለኝ።

"ሰባት ቁጥሩ" አልኩት።